ትርኢት የሚያሳይ ውሻ ያላችሁ፣ እነዚህን ስህተቶች ተጠንቀቁ

ባሕር ዳር ውስጥ እሁድ ከሰዓት ወደ ሐይቁ ዳር ብቅ ያለ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ጀርመን ሸፐርዱን ይዞ ይመጣል። «ቁጭ በል» ሲለው ቁጭ ይላል፤ «እጅ ስጥ» ሲለው እጁን ይዘረጋል። ወዲያው ልጆች ይከቡታል፣ ስልክ ይወጣል፣ ቲክቶክ ላይ ይጫናል። ደስ ይላል። እኔም ቦቢ የሚባል ውሻ ስላለኝ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ። እንዲህ ያሉ ውሾችን ብዙ ጊዜ የሚጎዳቸው የሚወዳቸው ሰው ራሱ ነው።

ይሉኝታ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ውሻው ሦስት አራቴ ከሠራ በኋላ አንዷ እናት «እባክህ አንዴ ብቻ፣ ልጄ አላየችም» ትላለች። እምቢ ማለት ያስጨንቃል። ባለቤቱ ያስደግመዋል። ውሻው ግን ከዚያ በፊት «በቃኝ» ብሏል፤ ልብ ያለው ሰው የለም እንጂ። እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል። ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል። ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል። ይህን ሁሉ አልፎ የሚገፋ ሰው ውሻው አንድ ቀን ጥርሱን ሲያሳይ «ድንገት ተለወጠብኝ» ይላል። እኔ «ደክሞታል፣ ሌላ ቀን» ብዬ ገመዱን ይዤ ውልቅ ነው። የሚያኮርፍ ያኩርፍ።

ሁሉም የየራሱን ትእዛዝ ሲሰጥ

አባት «ሲት» ይላል። ልጅ «ቁጭ በል» ይላል። አያት ደግሞ «ሂድ ወዲያ!»። ከዚያ «ይሄ ውሻ አይገባውም» ተብሎ ይታማል። አንድ ቃል ምረጡ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እሱኑ ይጠቀም። ልምምዱ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሽልማቱም የሽምብራ ፍሬ የምታክል የተቀቀለ ሥጋ። በዱላ የሠለጠነ ውሻም ይታዘዛል፤ ግን ጅራቱን እግሩ መሃል ከትቶ ነው፣ ለማየትም አያምርም።

ቡችላን ማዝለል

ሁለት እግሩ ላይ ቆሞ የሚጨፍር የአራት ወር ቡችላ ብዙ ላይክ ያገኛል። ወለሉ ሴራሚክ ነው። የኋላ እግሮቹ ወደ ግራና ቀኝ ይንሸራተታሉ፣ ሰው ይስቃል። የቡችላ አጥንት የሚያድገው በጫፎቹ በኩል ነው፤ እዚያ ቦታ ገና ለስላሳ ነው። ትልልቅ ዝርያዎች ላይ እስኪጠነክር ዓመት ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ጀርመን ሸፐርድ ደግሞ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር የሚያዘወትረው ዝርያ ነው።

አጂሊቲ የሚባለው የመሰናክል ውድድር ለሕዝብ የታየው እንደ ፈረንጆቹ በ1978፣ እንግሊዝ አገር ክራፍትስ በሚባለው ትልቅ የውሾች ትርኢት ላይ ነው። (የፈረስ ዝላይን አይተው፣ በፕሮግራሞች መሃል ተመልካች እንዳይሰለች ያስገቡት ነገር ነበር።) እዚያ ዛሬም ዓመት ተኩል ያልሞላው ውሻ አጂሊቲ አይወዳደርም።

መነካትን አለማስለመድ

ክራፍትስ ላይ ዳኛው በዓይኑ ብቻ አይፈርድም። ጥርሱን ያያል፣ ትከሻውንና ጀርባውን በእጁ ይዳስሳል። እኛ ጋ ዳኛ ባይኖርም የእንስሳት ሐኪም አለ። ቡና ሲፈላ አጠገባችሁ ተኝቶ ከሆነ፣ የላይኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣት ቀስ ብላችሁ ከፍ አድርጉት። በአብዛኞቹ ዝርያዎች የላይኛው የፊት ጥርስ የታችኛውን ለጥቂት አልፎ፣ ሳይርቀው ይገጥማል። አይታችሁ ሸልሙትና ተዉት። በማግስቱ መዳፉን።

ጆሮ መቁረጥ

ጨካኝ እንዲመስል ነው አሉ። ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ክራፍትስ አይገባም። እናንተም አታድርጉት፣ በቃ።

ፀሐዩና ሐይቁ

ከመጋቢት እስከ ግንቦት የባሕር ዳር ፀሐይ ቀልድ አያውቅም። ውሻ እንደ ሰው ገላው አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። አስፋልቱን በእጃችሁ ጀርባ ሰባት ሰከንድ ያህል ንኩት፤ እናንተን ካቃጠላችሁ እሱንም ያቃጥለዋል። ምላሱ ደም ከመሰለና ከተንገዳገደ ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

«ሐይቁ እያለ ምን ችግር አለ?» የሚል አይጠፋም። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል። ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የመሰለ ነገር ከተንሳፈፈ መርዛማ አልጌ ሊሆን ስለሚችል አታስጠጡት። ዓሣ የሚጸዳበት ቦታም ገመዱን አሳጥሩ፤ አንጀቱን ሲውጥ መንጠቆ አብሮ ሊገባ ይችላል።

የበዓል ትርፍራፊ

ፋሲካ ሲደርስ በግ ይታረዳል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ይገኛል። «ይሄስ አይበላም» ይባልና ለውሻው ይወረወራል። እባጩ ውስጥ ያለው የትል እጭ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ ገብቶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ፀጉሩም ላይ ይቀራል። ከዚያ ያቺ «እጅ ስጥ» ስትለው የዋለችው ልጅ ሳትታጠብ ትበላለች። በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል፤ ብዙ ጊዜም መጨረሻው ቀዶ ሕክምና ነው። እባጭ ያለበትን አቃጥሉት ወይም ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት። ሌላውንም ቀቅላችሁ ስጡ። የትል መድኃኒቱንም አትርሱ።

ዶሮ ወጥም ያው ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፣ ጥሬውም የተቁላላውም። ለዶሮ ወጥ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚከተፍ እናንተው ታውቃላችሁ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰነጣጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። በሁዳዴ «ሥጋ የለም» ተብሎ ሽሮ የሚሰጠውም አለ፤ ሽሮም ሽንኩርት አለው። ውሻ አይጾምም። ሩዝ በእንቁላል፣ ወይም አጥንቱ የወጣለት የተቀቀለ ዓሣ ይሻለዋል።

ክትባት ማዘግየት

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይጀምራል፤ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ሕዝብ መሃል የሚገባ ውሻ ካርዱ አብሮት ይሂድ። ልጅ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ የዚያኑ ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱት። «የእኛ ውሻ ጤነኛ ነው» ብሎ ማሳደር የለም።