የጥንት ላቲን ግጥም ቁርጥራጭ አልያዝ ሲላችሁ

የጽሑፍ ምርመራ፣ ማለትም ቅጂዎችን አስተያይቶ ደራሲው የጻፈውን ቃል የመፈለግ ሙያ፣ ለመማር ከመጀመሪያዎቹ የላቲን ገጣሚዎች ቁርጥራጭ የተሻለ መግቢያ አላየሁም። አንድ ስንኝ ላይ ሙሉ ከሰዓት መዋል ይቻላል። የሚያደናቅፋችሁ ነገር ምን እንደሆነ የሚነግራችሁ ከሌለ ደግሞ ሙሉ ሳምንት። እኔ የተደናቀፍኩባቸውን ልንገራችሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ። ኤኒየስ (239–169 ከክርስቶስ ልደት በፊት) የሮምን ታሪክ በ18 መጻሕፍት ገጥሞ ነበር። የቀረን ወደ 600 ስንኝ ነው። እሱም የኤኒየስ መጽሐፍ ተገኝቶ አይደለም፤ የሮሙ ተናጋሪና ጸሐፊ ኪኬሮ ሐሳቡን ሊያሳምርበት፣ የሰዋስው መምህሩ ፕሪስኪያን አንድ እንግዳ ቃል ሊያሳይበት፣ ሌላው ደግሞ ቨርጂል ከየት እንደቀዳ ሊናገርበት የጠቀሱት ነው። እጃችሁ ላይ ያለው የጠቃሹ መጽሐፍ ቅጂ እንጂ የኤኒየስ ቅጂ አይደለም። ጣጣው ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ችግር፦ የስንኙ ቁጥር አይገጥምም

አንድ ጽሑፍ «ኤኒየስ፣ ስንኝ 140» ይላል። እትማችሁን ትከፍታላችሁ፤ 140 ላይ ያለው ሌላ ነው። ገጽ የጎደለ መስሏችሁ አታገላብጡ። ሁለት አዘጋጆች ቁርጥራጮቹን በየራሳቸው ቁጥር አሳትመዋል፦ ቫህሌንና ስኩች። ቁጥሩ የቫህሌን ነው፤ የያዛችሁት ደግሞ የስኩች የ1985 እትም ነው። «መለከቷም በሚያስፈራ ድምፅ ታራታንታራ አለች» የምትለው ስንኝ ቫህሌን ጋ 140፣ ስኩች ጋ 451 ናት። ቫህሌን ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ አስገባት፣ ስኩች ቦታቸው ካልታወቀው ጋር አስቀመጣት። የጠቀሷት ሰዎች ከየትኛው መጽሐፍ እንደወሰዷት አልነገሩንማ!

መፍትሄው፦ ከቁጥሩ ጎን የአዘጋጁን ስም ሁሌም ጻፉ። ቁጥሮቹን የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ካገኛችሁ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። ቁጥሩ የአዘጋጁ አስተያየት ነው፤ ኤኒየስ አያውቀውም።

ችግር፦ ትርጉሙ ጥሩ ነው፣ ስንኙ ግን ያነክሳል

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ኤኒየስ የሮምን ጠላት ሃኒባልን ፊት ለፊት ሳይገጥም በማዘግየት ያደከመውን ፋቢየስን ሲያወድስ «አንድ ሰው በማዘግየት አገራችንን መለሰልን» ይላል። ቀጣዩ ስንኝ በኪኬሮ ቅጂዎች ላይ «ኖን ኤኒም ሩሞሬስ ፖኔባት አንቴ ሳሉቴም» ነው። «የሰውን ወሬ ከደህንነት አላስቀደመምና» እንደማለት። ምን ጎደለው? ትርጉሙ ላይ ምንም።

አሁን ቀለሞቹን፣ ማለትም የቃላቱን የድምፅ ክፍሎች፣ ቁጠሩ። ስንኙ ባለ ስድስት እግር ነው። አንዱ እግር ወይ ረዥም፣ አጭር፣ አጭር ነው፤ ወይ ረዥም፣ ረዥም። «ኖን» ረዥም ነው። «ኤ» አጭር ነው። «ኒም» ደግሞ ከኋላው «ሩ» ስለመጣ ይዘጋና ረዥም ይሆናል። ረዥም፣ አጭር፣ ረዥም። ይህ በዚህ ምጣኔ ውስጥ መጀመሪያም ላይ፣ መሃልም ላይ አይገባም።

ምክንያቱ፦ የጥንቱ ላቲን «አይደለም» ለማለት «ኖይኑም» የሚል ቃል ነበረው። በኋላ ተረሳና «ኖን» ብቻ ቀረ። ቃሉን ሰምቶት የማያውቅ ገልባጭ የሚያውቀውን «ኖን ኤኒም» አነበበ። አይፈረድበትም። በመካከለኛው ዘመን የላቲን ብራና ላይ ኤን፣ ኤም፣ ኡ እና ኢ የሚባሉት ፊደላት ሁሉም የቆሙ ጭረቶች ናቸው፤ ተደርድረው ሲመጡ ጭረት እየቆጠሩ ቃል መለየት ለሚያውቀውም ያስቸግራል።

መፍትሄው፦ «ኖይኑም» ብላችሁ መልሱት። ሁለት ረዥም ይሆናል፣ ስንኙም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ይህን እርማት ያቀረበው ላህማን ነው። ሰውየው በ1850 የሉክሬቲየስን ግጥም ያሳተመ ነው፤ ሉክሬቲየስ ደግሞ «ኖይኑ» የሚል ቃል ይጠቀማል። ስለዚህ ግምቱ ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ቃሉ ሌላ ቦታ በሕይወት አለ። እርማት ሲያምራችሁ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ምስክር ፈልጉ።

ደግሞ በዚህ ድል ሰክራችሁ «ፖኔባት»ን እንዳትነኩት። እኔ ነክቼዋለሁ። በኋላ ዘመን ላቲን አናባቢ ሲከተለው «ባት» አጭር ነው፤ እዚህ ግን ረዥም ካልሆነ ስንኙ አይቆምም። ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ «ስህተት አገኘሁ» አልኩ። መምህሬ ዝም ብለው ትንሽ አዩኝና «የማን ስህተት?» አሉኝ። በኤኒየስ ዘመን ያ አናባቢ ገና ረዥም ነበር። ገልባጩ አልተሳሳተም፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ከኤኒየስ በኋላ የመጣውን ሕግ ይዤ ሄጄ።

ችግር፦ ለአንድ ቃል ሁለት ንባብ (ሁለት ዓይነት አጻጻፍ) አለ፣ ሁለቱም ያስኬዳሉ

ሊቪየስ አንድሮኒከስ የሆሜርን ኦዲሴይ ወደ ላቲን መልሶታል። የመጀመሪያው ስንኝ «ቪሩም ሚሂ ካሜና ኢንሴኬ ቬርሱቱም» ነው፦ «ካሜና ሆይ፣ ያንን ብልሁን ሰው ንገሪኝ»። ካሜና የሮማውያን የግጥም አምላክ ናት። ኤኒየስም የግሪኳን የግጥም አምላክ፣ ሙሳን፣ በዚሁ ግስ ይጠራታል። ግን ቃሉ «ኢንሴኬ» ነው ወይስ «ኢንሴኴ»?

ክርክሩ የዛሬ አይደለም። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን አውሉስ ጌሊየስ የሚባል ሮማዊ ጸሐፊ ባለበት ሁለት ሰዎች ተከራክረውበታል። አንደኛው ኡ አለው፣ «ቀጥይ» ማለት ነው አለ። ሌላኛው፣ ይሄኛው የተማረ ነው፣ ኡ የለውም፣ «ተናገሪ» ማለት ነው አለ። ጌሊየስ ግሪክ አገር ፓትራ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሊቪየስን አሮጌ መጽሐፍ አይቶ ነበርና፣ እዚያ ላይ ያለ ኡ ስለተጻፈ ለሁለተኛው ፈረደ።

ለእኛ ነገሩ ሩቅ አይደለም። «ቍጥር» ወይስ «ቁጥር» ብሎ ቆም ያለ ሰው የኬንና የኴን ጣጣ ሳይነገረው ይገባዋል። ድምፁ ሲቀራረብ እጅ ወደ ለመደው ይሄዳል።

መፍትሄው፦ «የትኛው ያምራል?» አትበሉ። «የትኛው ሌላውን ወለደ?» በሉ። «መከተል» የሚለው የላቲን ግስ ኴ ያለበት ነው፣ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። «ኢንሴኬ»ን የማያውቅ ገልባጭ ወደዚያ ቢስበው አይገርምም፤ ከታወቀው ተነስቶ ማንም ወደማያውቀው ቃል የሚሄድ ገልባጭ ግን ብርቅ ነው። በዚያ ላይ ሆሜር በዚያው ቦታ ያስቀመጠው ቃል «ተናገሪ» የሚል ነው። እኔ ከጌሊየስ አሮጌ መጽሐፍ ይልቅ ይሄ ያሳምነኛል፤ እርጅና ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

በነገራችን ላይ፣ ከገጹ ግርጌ ያለውን የንባቦች ዝርዝር መጀመሪያ እንደ አንድምታ ነበር ያነበብኩት። አንድምታ ትርጉሞችን ጎን ለጎን ያኖራል፣ ሁሉም ይቆማሉ። እዚህ ግን አንዱ ላይ ይወጣል፣ የቀረው ታች ይወርዳል፤ ታች ያለው ስለቀረበ ብቻ ትክክል ነው ማለት አይደለም።

ችግር፦ ቅንፎቹ ግራ አጋቡኝ

አጭር ነው። በላቲን ግጥም እትሞች ባለ አራት ማዕዘን ቅንፍ «ይህ ይውጣ» ማለት ነው፣ ሹል ቅንፍ «ይህን እኔ ጨመርኩ»፣ የጩቤ ምልክት «ተበላሽቷል፣ አልቻልኩም»። በድንጋይና በፓፒረስ ጽሑፍ ግን ያው ባለ አራት ማዕዘን ቅንፍ «እዚህ ተቀድዷል፣ የሞላሁት እኔ ነኝ» ይላል። ፍጹም ተቃራኒ። የእትሙን መግቢያ ሳታነቡ አትግቡ።

በተለይ ፌስቱስ የሚባለው የጥንት መዝገበ ቃላት ጸሐፊ ላይ ተጠንቀቁ። መዝገበ ቃላቱ በዋናነት የደረሰን ኔፕልስ ባለች አንዲት የ11ኛው ክፍለ ዘመን ብራና ነው፤ እሷንም እሳት በልቷታል። ገጿ ሁለት ዓምድ አለው፣ የውጪው ዓምድ ተቃጥሏል። ግማሽ ስንኝ ካያችሁ ገጣሚው አላቋረጠም። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ጳውሎስ የተባለ ዲያቆን ያሳጠረውን አጠገቡ አስቀምጣችሁ አንብቡ።

ችግር፦ ጥቅሱ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም

የጥንት ሰዎች ትምህርተ ጥቅስ አልነበራቸውም። «የሮም ነገር የቆመው በጥንቱ ሥርዓትና በሰዎቿ ነው» የሚለውን የኤኒየስ ስንኝ እንውሰድ። ኪኬሮ ጠቀሰው፤ የኪኬሮ ገጽ ጠፋ፤ ያቆየልን ኪኬሮን የጠቀሰው አውግስጢኖስ ነው። የሚያስቀው፣ የኪኬሮ መጽሐፍ በ1819 ቫቲካን ውስጥ ሲገኝ ብራናው ተፍቆ በላዩ የአውግስጢኖስ የመዝሙር ትርጓሜ ተጽፎበት ነበር። በአንድ እጅ አጥፍቶ በሌላው እጅ መለሰ ልበል?

መፍትሄው፦ የቁርጥራጭ ስብስቡን ዝጉና ጠቃሹን ክፈቱ፤ ከላይም ከታችም አንድ አንድ ገጽ አንብቡ። ለምን እንደጠቀሰው ሲገባችሁ የት እንዳቆመም ብዙ ጊዜ ይገባችኋል።

ችግር፦ የቁርጥራጮቹ ቅደም ተከተል በየእትሙ ይለያያል

ይሄ ሉኪሊየስ የሚባለው የጥንት ላቲን ገጣሚ በሽታ ነው። ብዙውን ያቆየልን ኖኒየስ የሚባል መዝገበ ቃላት ጸሐፊ ነው። ሰውየው ከመደርደሪያው መጻሕፍትን በተራ እያነሳ ቃላት ይለቅም ነበር፤ ሊንድሴ የሚባል ተመራማሪ በ1901 ይህንን ተራ ፈልቅቆ ኖኒየስ የለቀማቸውን ቃላት 41 ዝርዝር አወጣ። ስለዚህ በየቃሉ ሥር መጀመሪያ ላይ የቆመው ጥቅስ ከየትኛው ዝርዝር እንደመጣ ለዩ፤ ጎረቤቶቹን ስታዩ ከምን በፊት፣ ከምን በኋላ እንደነበር ይታያችኋል። የሉኪሊየስ የመጨረሻዎቹ አምስት መጻሕፍት ላይ ግን ኖኒየስ የሄደው ከ30 ወደ 26፣ ወደ ኋላ ነው። እኔ ይህንን ሳላውቅ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ አንድ ሙሉ የጥናት ወረቀት አስረክቤያለሁ።