ውጭ ሆናችሁ ኮንዶሚኒየም ስትገዙ፦ የእናንተ የቱ ነው፣ የጋራስ የቱ?

«አንድ ኮንዶ ገዝቼ ላስቀምጥ» የሚል ሰው ከዋሽንግተንም ከዱባይም አይጠፋም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ብዙ ሰው ኮንዶ እየገዛ በልቡ የሚያስበው የግቢ ቤት መሆኑ ነው። አጥር፣ የብረት በር፣ ቁልፉ በኪሴ፣ አለቀ። ኮንዶሚኒየም እንደዚያ አይደለም።

ነገሩ የሚመራው በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። ለብቻችሁ የምትይዙት ቤታችሁን ነው። ደረጃው፣ ኮሪደሩ፣ ጣሪያው፣ የውጭ ግድግዳው፣ ግቢው የሁሉም ነው። እዚያ ላይ ድርሻ አላችሁ፤ ድርሻውን ግን ከቤቱ ነጥላችሁ መሸጥ አትችሉም። ምድር ቤት የገዛ ሰው ከመስኮቱ ፊት ያለችውን ቦታ በቆርቆሮ አጥሮ ሱቅ ሲያደርጋት አይታችሁ ይሆናል። ያ ቦታ የእሱ አይደለም። ሲሸጥላችሁም እሷን አስልቶ ዋጋ ቢጨምር አትክፈሉ።

የግቢ ቤት ሲሆን መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም ይዞታው፣ በነባርም ይሁን በሊዝ፣ በስማችሁ ይሆናል። ፈቃድ አውጥታችሁ አፍርሳችሁ ልትሠሩበት ትችላላችሁ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ብቻ ነው፤ «ልሽጥልህ» የሚል ካለ የሚሸጠው ነገር የለውም። የሪል እስቴት አፓርታማ አኗኗሩ ከኮንዶ ብዙም አይለይም። እዚያ መጠየቅ ያለበት፣ የባለቤትነት ማረጋገጫ ካርታው በእያንዳንዱ ቤት ገዢ ስም ወጥቷል ወይስ በእጃችሁ ያለው ውል ብቻ ነው የሚለው ነው።

አደገኛው የዕጣ ኮንዶ ነው፤ መንግሥት ሠርቶ ለተመዘገቡ ቆጣቢዎች በዕጣ የሚያድለው ማለቴ ነው። 20/80ም (20 በመቶው ቁጠባ፣ 80 በመቶው የባንክ ብድር) ይሁን 40/60 ባለዕድሉ ቤቱን ከተረከበ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ገደብ አለበት። የባንክ ዕዳም አለ። ስለዚህ ደላላው «ውክልና ይሰጥሃል፣ ጊዜው ሲደርስ ስም ይዞርልሃል» ይላችኋል። ልብ በሉ፤ ውክልና ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ሰውየው ከሞተ ደግሞ ከወራሾቹ ጋር ነው የምትፋጠጡት። ዋጋው የረከሰው ለዚህ ነው። እኔ ብሆን ብር ጨምሬ ካርታ ያለውን እገዛለሁ።

ሻጩ ያገባ ከሆነ ባል ወይም ሚስት መፈረም አለባቸው። እናንተ የሌላ አገር ፓስፖርት ከያዛችሁ ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን፣ ቢጫ ካርዱን ማለቴ ነው፣ አስቀድማችሁ አውጡ።

አሁን አገር ቤት ሆኖ ጉዳያችሁን ወደሚከታተልላችሁ ሰው፣ ወንድማችሁ ነው እንበል፣ እንምጣ። ውክልናውን በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አድርጋችሁ ትልካላችሁ፤ አገር ቤት ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ያልፋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚበቃው ለማስተዳደር ነው። ለመሸጥና በዋስትና ለማስያዝ ግን ልዩ ሥልጣን ተለይቶ መጻፍ አለበት። ቤት እንዲያከራይላችሁ ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ከተለመደው ቅጽ ላይ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የምትለዋን አስወጡ። ወንድም ቅር ይለዋል ብላችሁ አትተዉት።

ውክልናው ላይ ሌላም አስገቡ፦ በቤት ባለቤቶች ማኅበር ስብሰባ እናንተን ተክቶ እንዲገኝና ድምፅ እንዲሰጥ። ጥበቃው፣ የውሃ ሞተሩ፣ የደረጃው መብራት በጋራ መዋጮ ነው የሚሄደው። ተከራይ «ባለቤቱን ጠይቁ» ይላል፣ ባለቤቱ ውጭ ነው፣ ውዝፉ ይከመራል። ማን እንደሚከፍል ኪራይ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ደግሞ አንድ የምታምኑት ሰው ወደ ብሎኩ ኮሚቴ ላኩ። ይህ ቤት ውዝፍ አለበት ወይ ብሎ ይጠይቅ። ካርታው ላይ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን ለብቻ ያጣራ። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ከሆነ ደረጃውን በእግሩ ይውጣና፣ ጎረቤቷን አንኳኩቶ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እዚያ እንደሚደርስ ይጠይቃት።