ለሕክምና ትምህርት ልክ የሆነ ነጭ ጋዋን እንዴት ይመረጣል?

የመጀመሪያ ጋዋኔን የገዛችልኝ እናቴ ናት። የትምህርት ቤት የደንብ ልብስ በምትገዛበት ሒሳብ፣ «ያድጋል» ብላ አንድ ቁጥር ጨምራ ገዛችው። እኔ ግን ማደጉን ጨርሼ ነበር። እጅጌው ጣቶቼን ውጦ፣ ትከሻው ወደ ክንዴ ወርዶ የሕሙማን ክፍል ስገባ አንዲት አስታማሚ ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝና «ልጄ፣ የአባትህን ነው እንዴ የለበስከው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የልጃቸውን የሕመም ታሪክ ኮስተር ብሎ መጠየቅ እንዴት ይቻላል?

ከዚያ ወዲህ ጋዋን ለሚገዛ ሁሉ የምሰጠው ምክር ይኸው ነው፦ ትከሻውን ያዙ፤ የቀረውን ልብስ ሰፊ ያስተካክለዋል።

መጀመሪያ ከሥር የምትለብሱትን ወስኑ። ደብረ ብርሃን የሚማር ሰው ብዙውን ጊዜ ሹራብ ይደርባል፤ ድሬዳዋ ያለው ስስ ሸሚዝ እንኳ ይከብደዋል። ስለዚህ ልኬቱም ሙከራውም በዚያው ልብስ ላይ ይሁን። ሜትሩን በብብታችሁ ሥር አዙሩና የደረታችሁን ሰፊ ቦታ ለኩ፤ ትንፋሻችሁን አትያዙ። በሸሚዝ ላይ ከለካችሁ ጋዋኑ ዙሪያውን ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ትርፍ ቢኖረው ይመቻል። ዳሌያችሁ ከደረታችሁ የሚሰፋ ከሆነ እሱንም ለክታችሁ ያዙ፤ ቁልፉ የሚያስቸግረው እዚያ ነው።

መለያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ። «38» የሚለው በአሜሪካ የወንዶች ልኬት የደረት ዙሪያ በኢንች ሲሆን ወደ 96 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ በጀርመን የሴቶች ልኬት ግን ያው 38 ለ88 ሴንቲ ሜትር ደረት የተሠራ ነው። በአውሮፓ የወንዶች ልኬት 96 ሴንቲ ሜትር ደረት ያለው ሰው የሚለብሰው 48 ቁጥርን ነው። ሚዲየምና ላርጅ የሚሉትማ ልብሱን እንደሰፋው ፋብሪካ ይለያያሉ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱና የጋዋኑን ደረት ራሳችሁ ለኩት።

አሁን ወደ ትከሻው። በጣታችሁ የትከሻችሁን ጫፍ አጥንት ፈልጉ፤ እጅጌው ከትከሻው የሚጋጠምበት ስፌት እዚያ ላይ መዋል አለበት። አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያልፍ ግድ የለም፤ ወደ አንገት ከገባ ግን ተዉት። እጅጌ ማሳጠር፣ ጎን ማጥበብ፣ ጫፍ ማጠፍ ለማንኛውም ልብስ ሰፊ ቀላል ሥራ ነው። ትከሻ ለማስተካከል ግን እጅጌውን ነቅሎ፣ የብብቱን ዙሪያ እንደ አዲስ ቆርጦ መልሶ መግጠም ይጠይቃል። ብዙ ልብስ ሰፊዎች እንቢ ይላሉ፤ እሺ ካሉት ይልቅ እንቢ ያሉት ሐቀኞች ናቸው። ትከሻው ልክ ሆኖ ደረቱ ወይም ዳሌው የሚጠብባችሁ ከሆነ የተዘጋጀውን ትታችሁ በልካችሁ አሰፉ።

ቀጥሎ ቁልፎቹን ሁሉ ቆልፋችሁ ሥራ ላይ እንዳላችሁ ተንቀሳቀሱ። መስታወት ፊት ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው ጠባቡም ልክ ይመስላል። ጉሉኮስ እንደሚሰቅል ሰው እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፤ ጋዋኑ በሙሉ አብሮ ከተነሣ ብብቱ ጠቧል። የተኛ ሕመምተኛ ደረት እንደምታዳምጡ ጎንበስ ብላችሁ ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፤ ጀርባችሁ ላይ ከተወጠረ አንድ ቁጥር ጨምሩ። ከዚያ ተቀመጡ። በቁልፎቹ መካከል አፉን ከከፈተ የሚጠበው ሆዱ ወይም ዳሌው ነው። ከኋላ ስንጥቅ ያለው ጋዋን ሲቀመጡም ደረጃ ሲወጡም ይሻላል።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ ኪሶቹ ባዶ አይሁኑ። የልብ ማዳመጫ፣ ትንሽ ባትሪ፣ የጉልበት መዶሻ፣ ስልክና ማስታወሻ ደብተር ሲገቡበት ልኩ የነበረው ጋዋን ወደ ፊት ይጎተታል፤ ኮሌታውም አንገት ያንቃል። ለሁለት የታጠፈ ኤ4 ወረቀት ስፋቱ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ የታችኛው ኪስ 17 ወይም 18 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ ወረቀቱ ሳይጨማደድ ይገባል።

የእጅጌው ልክ የእጅ አንጓ አጥንት ነው። ከዚያ ካለፈ የነካችሁትን ሁሉ አብሯችሁ ይነካል። በእንግሊዝ የጤና ባለ ሥልጣናት ሕሙማንን የሚነኩ ሐኪሞች ከክርን በታች ባዶ እንዲሆኑ ያዘዙት በ2007 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ረጅም እጅጌ ያለው ነጭ ጋዋን በዚያው ከሆስፒታሎቻቸው ወጣ። ቁመቱ ጉልበት ላይ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ይቅር፤ ከዚያ የወረደው የአልጋ ጠርዝ ሲጠርግ ይውላል።

ንጹህ ጥጥ ከሆነ በመጀመሪያው የሙቅ ውኃ እጥበት ከመቶ 3 እስከ 5 ሊሰበሰብ ይችላል፤ መቶ ሴንቲ ሜትር የነበረው ጋዋን እስከ አምስቱን ያጣል ማለት ነው። ስታሰፉ ጨርቁን ሳያስቆርጡ ነክራችሁ አድርቁት። ቴትሮን እምብዛም አይሰበሰብም፣ ቶሎም ይደርቃል፤ በሙቀት ግን ያልባል።

አቅም ከፈቀደ ሁለት ያዙ፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይለበሳል። አስከሬን እየተከፈተ ለሚጠናበት ለአናቶሚ ክፍል ደግሞ ርካሽና እጅጌው ጠበብ ያለ ሦስተኛ ይኑራችሁ። አስከሬኑ እንዳይበሰብስ የሚደረግበት የፎርማሊን ሽታ በቀላሉ አይለቅም፤ ሰፊ እጅጌም አስከሬኑ ላይ ይነከራል።

አሜሪካ ለምትማሩ አንድ ልዩነት አለ። በ1993 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በተጀመረው የነጭ ጋዋን ማልበስ ሥነ ሥርዓት ላይ ለተማሪ የሚሰጠው በብዙ ትምህርት ቤቶች ዳሌ ላይ የሚቀር አጭሩ ነው። ልካችሁን አስቀድመው በቅጽ ከጠየቋችሁ የደረታችሁን ኢንች ሙሉ፤ በሁለት ቁጥሮች መካከል ከወደቃችሁ ትልቁን ምረጡ።

ስማችሁን ለማስጠለፍ ግን አትቸኩሉ። የገዛችሁትን ቢያንስ አንድ ጊዜ አጥባችሁ እንደገና ለክታችሁ እዩ። ሻጩ የሚመልስላችሁ ካልታጠበ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከማጠባችሁ በፊት ቤት ውስጥ የእንቅስቃሴውን ሙከራ ድገሙት፤ ስም የተጠለፈበትን ጋዋን ሻጩ መልሶ አይቀበልም።