ሕጉ ይታወቃል፣ አፍ ላይ ይጠፋል፦ የእንግሊዝኛ ፓስት ቴንስ ችግርና መፍትሄ በሲቪል መብት ትግል ታሪክ

የሬጉላር ቨርብ ሕግ አንድ መስመር ነው፤ ግሡ መጨረሻ ላይ «ኢዲ» ጨምሩ፣ አለቀ። ይህን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ብዙም አይገጥመኝም። ባዶ ቦታ ሙሉ ሲባል ሁሉም ይሞላል። ታሪክ ተርኩ ሲባል ግን «ኢዲ» ከሚገባበት ይጠፋል፣ ከማይገባበት ይገኛል። ስንፍና አይደለም፤ ከስር አማርኛው ሥራውን እየሠራ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ሕጉን መቶ ጊዜ ከመደጋገም እያንዳንዱ ስህተት ከየትኛው የአማርኛ ልማድ እንደመጣ ማየት ይሻላል።

ለልምምድ የምመርጠው የአሜሪካ ጥቁሮችን የሲቪል መብት ትግል ነው። እምቢ አሉ፣ በእግር ተጓዙ፣ ድልድይ ተሻገሩ፣ ታሰሩ፣ ፈረሙ፤ በእንግሊዝኛ እነዚህ ግሦች ሬጉላር ናቸው። ደግሞ ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ካልተለየ ታሪኩ ይገለበጣል፤ ስህተቱ ወዲያው ዓይን ይወጋል። «ጆን ትናንት ኳስ ተጫወተ» የሚለው የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ይህን አያደርግልንም።

የእንግሊዝኛውን ዓረፍተ ነገር እዚህ እንደሚሰማው በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ እናንተ ደብተራችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ገልብጡት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ችግር 1፦ «ሮዛ ፓርክስ ዲድ ኖት ሙቭድ»

ምልክቱ ግልጽ ነው፤ «ዲድ» እያለ ግሡ ላይም «ኢዲ» ይጨመራል። በጥያቄም ያው ነው፦ «ዲድ ሺ ሙቭድ?»

ምክንያቱን «ተነሣች» እና «አልተነሣችም» በሚሉት ላይ ተመልከቱ። አማርኛ ሲያፈርስ ግሡን ከፊት በ«አል»፣ ከኋላ በ«ም» ያቅፈዋል እንጂ ኃላፊ ጊዜውን ከላዩ አያነሳም። ተማሪውም እንግሊዝኛው ላይ ኃላፊ ጊዜውን ግሡ ላይ ትቶት ይሄዳል። እንግሊዝኛ ግን ኃላፊ ጊዜውን ነቅሎ ለ«ዲድ» ይሰጠዋል፤ ግሡ ባዶውን ይቀራል።

መፍትሄው አዎንታና አሉታን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከሞንትጎመሪ አውቶቡስ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ዲሴምበር 1 ቀን 1955 አላባማ ውስጥ፣ የነጮቹ ወንበር ስለሞላ ሾፌሩ በአንድ ረድፍ የተቀመጡ አራት ጥቁር ተሳፋሪዎችን ተነሡ አላቸው። ሦስቱ ተነሡ። ሮዛ ፓርክስ አልተነሣችም። በእንግሊዝኛ፦ «ስሪ ፓሰንጀርስ ሙቭድ። ሮዛ ፓርክስ ዲድ ኖት ሙቭ።» ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ከሌላው በታች ጻፉና «ኢዲ» ያለበትን አክብቡ፤ ከታችኛው ላይ ምንም የሚከበብ ግሥ አይኖርም። ከዚያ ጥያቄው፦ «ዲድ ሺ ሙቭ?» መልሱ፦ «ኖ፣ ሺ ሪፍዩዝድ።» መልሱ ውስጥ «ዲድ» ስለሌለ «ኢዲ» ተመለሰ።

ይህ ከገባችሁ በክላውዴት ኮልቪን ድገሙት። የ15 ዓመት ተማሪ ነበረች፤ በዚያችው ከተማ ማርች 2 ቀን 1955፣ ከሮዛ ፓርክስ ዘጠኝ ወር ያህል ቀድማ አልነሣም ብላ ተይዛለች።

ችግር 2፦ «ፖሊስ ዋዝ አሬስቲድ ሮዛ ፓርክስ»

ከሁሉም ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው፤ ሌላው ስህተት ጆሮ ይቆረቁራል እንጂ ትርጉም አይገለብጥም።

«ይዟት ነበር» እንላለን፣ «እምቢ ብላ ነበር» እንላለን፣ «ይሄዱ ነበር» እንላለን። ያለፈ ነገር ስናወራ «ነበር» ከአፋችን አይጠፋም። ተማሪው «ነበር»ን በ«ዋዝ» ይተካና ግሡን ከኋላው ይቀጥላል። በእንግሊዝኛ ግን «ዋዝ» ከ«ኢዲ» ጋር ሲገናኝ ተደራጊ ይሆናል። «ሺ ዋዝ ሪፍዩዝድ» ማለት «እምቢ ብላ ነበር» ሳይሆን «ተከለከለች» ነው። የተገላቢጦሹም አለ፤ «ዋዝ» ከሚያስፈልግበት ይቀርና «ሮዛ ፓርክስ አሬስቲድ» ይባላል። እንዲያ ከሆነ አሳሪዋ እሷ ናት፤ ሰሚው «ማንን አሰረች?» ብሎ ይጠብቃል።

ግሪንስቦሮን እንይ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1960 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ አራት ጥቁር የኮሌጅ ተማሪዎች ዉልዎርዝ ከሚባለው መደብር ገብተው ዕቃ ገዙ፤ ገንዘባቸውን ሲሰጡ አንቀበልም ያላቸው አልነበረም። ከዚያ ለነጮች ብቻ በተከለለው የምግብ ባንኮኒ ተቀምጠው ቡና አዘዙ። አናስተናግድም ተባሉ። አንወጣም አሉ። መደብሩ እስኪዘጋ ቆዩ። አሁን ይህን በእንግሊዝኛ፦

«ዘ ስቱደንትስ ኦርደርድ ኮፊ።»
«ዘ ስቱደንትስ ወር ሪፍዩዝድ ሰርቪስ።»
«ዘ ስቱደንትስ ሪፍዩዝድ ቱ ሊቭ።»
«ዘይ ስቴይድ አንቲል ዘ ስቶር ክሎዝድ።»

ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይ ቆዩ። ባለቤቱ አንድ ነው፣ ግሡም አንድ ነው፤ ልዩነቱ «ወር» ብቻ ነው። በሁለተኛው ተከለከሉ፣ በሦስተኛው እምቢ አሉ። የዚያ ቀን ታሪክ በሙሉ በዚህች ቃል መኖርና አለመኖር ላይ ቆሟል። በነገራችን ላይ የዉልዎርዝ የምግብ ባንኮኒ በጁላይ 1960 ለጥቁሮችም ተከፍቷል።

መፍትሄው ሁለት ዓምድ ነው። ከመጻፋችሁ በፊት በአማርኛ «አደረገ» እና «ተደረገበት» ብላችሁ ከፍሉ። አላባማ ውስጥ ሴልማ ከተማ ላይ ማርች 7 ቀን 1965 ወደ 600 የሚጠጉ ሰልፈኞች የኤድመንድ ፔተስን ድልድይ ተሻገሩ፤ የክፍለ ግዛቱ ፖሊሶች መቷቸው። «ተሻገሩ» ከአድራጊው ዓምድ ነው፦ «ዘ ማርቸርስ ክሮስት ዘ ብሪጅ።» «ተመቱ» ከተደረገበት ዓምድ ነው፦ «ዘ ማርቸርስ ወር አታክት።» ከአድራጊው ዓምድ ላይ «ዋዝ» ወይም «ወር» ካገኛችሁ ሰርዙት።

ችግር 3፦ ከአምስት ግሥ አንዱ ብቻ «ኢዲ» አለው

«ሺ ፊኒሽ ሀር ወርክ፣ ቦርድ ዘ ባስ ኤንድ ሪፍዩዝድ ቱ ሙቭ።» የመጨረሻው ግሥ ትክክል ነው፣ የፊተኞቹ ባዶ ናቸው። ፈተና አራሚ ይህን እንደ ግድየለሽነት ነው የሚያየው። ግን አማርኛውን ስሙት፦ «ሥራዋን ጨርሳ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ አልነሣም አለች።» ጨርሳ፣ ተሳፍራ፤ ቦዝ አንቀጽ ናቸው፣ ጊዜ አይናገሩም። ጊዜውን ተሸክሞ የሚዘጋው የመጨረሻው ግሥ ብቻ ነው። ተማሪው በእንግሊዝኛም የመጨረሻው ለሁሉም ይበቃል ብሎ ያስባል፤ እንግሊዝኛ ግን ከእያንዳንዱ ይጠይቃል።

ስለዚህ ከመተርጎማችሁ በፊት አማርኛውን ሰባብሩት። ጨረሰች። ተሳፈረች። አልነሣም አለች። አማርኛው አያምርም፤ ግድ የለም፣ የሚያነበው የለም። አሁን ሦስት ነጥብ ስላለ ሦስት «ኢዲ» ይወጣል። ለልምምድ የሞንትጎመሪን የአውቶቡስ አድማ ውሰዱ፦ ከዲሴምበር 5 ቀን 1955 ጀምሮ ለ381 ቀናት ጥቁሮች አውቶቡስ ትተው በእግራቸው ሄዱ፣ መኪና ተጋሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰቡ፣ ጸለዩ። «ዎክት»፣ «ሼርድ»፣ «ጋዘርድ»፣ «ፕሬይድ»፤ አራቱም ሬጉላር።

ችግር 4፦ «ማርች-ኢድ»፣ «ወርክ-ኢድ»

ተማሪው «ኢዲ»ን ስላየ ያነበዋል። ድምፁ ግን ሦስት ዓይነት ነው፤ የሚወስነው ደግሞ የግሡ የመጨረሻ ድምፅ እንጂ የመጨረሻ ፊደል አይደለም።

ግሡ በ«ት» ወይም በ«ድ» ካለቀ ብቻ «ኢድ» ተብሎ አንድ ቀለም ይጨመራል። የአድማውን ታሪክ የሚተርክ ሰው እነዚህን ይጠግባል፦ «ስታርቲድ»፣ «ቦይኮቲድ»፣ «አሬስቲድ»፣ «ላስቲድ»፣ «ኤንዲድ»፣ «ቮቲድ»።

ግሡ ጉሮሮ በማያነዝር ድምፅ ካለቀ፣ ማለትም በክ፣ ፕ፣ ስ፣ ሽ፣ ች ወይም ፍ፣ መጨረሻው «ት» ይሆናል። የቀረው ሁሉ «ድ» ነው። መንዘሩን ለማወቅ እጃችሁን ጉሮሯችሁ ላይ አድርጉና «ስስስ» ከዚያ «ዝዝዝ» በሉ።

ሁለት ተነባቢ አጋጥሞ ቃል መዝጋት ለኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አማርኛ ሞልቶታል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ከመታገል የራሳችንን ቃል መሸጋገሪያ አድርጉ። «ሦስት» በሉና መጨረሻውን ያዙ፦ «ክሮስት»፣ «ፓስት»። «መልእክት» በሉ፦ «ወርክት»፣ «ዎክት»፣ «አታክት»። «ወንድ» በሉ፦ «ጆይንድ»፣ «ሳይንድ»፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የሲቪል መብት ሕጉን ጁላይ 2 ቀን 1964 ሲፈርም «ሳይንድ» ነው። «ቀልድ» በሉ፦ «ሩልድ»፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜይ 17 ቀን 1954 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሲወስን። «ፍርድ» በሉ፦ «ኦርደርድ»፤ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1957 ወታደር ወደ ሊትል ሮክ ከተማ እንዲሄድ ሲያዝ። እንደ «ሪፍዩዝድ» እና «ሙቭድ» ላሉት ግን እኩያ አላገኘሁም፤ እነሱን ዝም ብሎ መደጋገም ነው።

የተገላቢጦሽ ችግር ያለባቸው አሉ፤ መጨረሻውን ጨርሰው ይውጡታል። ከኋላው በአናባቢ የሚጀምር ቃል ይስጡት፦ «ወርክት ኢን» ሲባል «ወርክ-ቲን» ሆኖ ይሰማል፣ «ት»ዋ መደበቂያ ታጣለች።

ችግር 5፦ አጻጻፍ

በ«ኢ» የሚያልቅ «ዲ» ብቻ ይጨምራል፦ «ሪፍዩዝ»፣ «ቮት»፣ «ኢንቴግሬት»። ከተነባቢ ቀጥሎ «ዋይ» ካለ ወደ «አይ» ይለወጣል፦ «ትራይ»፣ «ካሪ»። ከአናባቢ ቀጥሎ ከሆነ አይነካም፦ «ስቴይ»፣ «ፕሬይ»። «ስቶፕ» እና «ፕላን» የመጨረሻ ፊደላቸውን ይደግማሉ፤ «ሬጂስተር» ጉልበቱ መጀመሪያው ቀለም ላይ ስለሆነ አይደግምም። «ቦይኮት» ሲፈጠር ሁለት «ቲ» አለው፣ ሦስተኛ አትጨምሩለት።

ችግር 6፦ «ዘይ ሲቲድ»፣ «ዘይ ፋይቲድ»

«ኢዲ» የለመደ ሰው ሁሉም ላይ ይለጥፈዋል። ታሪኩ ውስጥ ኢሬጉላርም አለ፤ ተቀመጡ፣ ተሳፈሩ («ሮድ» ሲባል)፣ መሩ፣ ዘመሩ፣ ተዋጉ። ሬጉላሩ አፍ ላይ እስኪጸና ድረስ ብትሸሿቸው እመርጣለሁ። በሜይ 1961 በአውቶቡስ ከዋሽንግተን የተነሡትን የመብት ታጋዮች፣ «የነፃነት ተጓዦች» የሚባሉትን፣ «ትራቨልድ» በሏቸው፤ «መሩ» በማለት ፈንታ «ኦርጋናይዝድ» በሉ።

አንድ ነገር ግን አትንኩ። ኦገስት 28 ቀን 1963 ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደ 250,000 በሚገመት ሕዝብ ፊት ያሉት «አይ ሃቭ ኤ ድሪም» ነው። ያለፈ ነገር ነው ብሎ «ሃድ» የሚያደርገው ተማሪ አለ። የሰው ንግግር በቀጥታ ሲጠቀስ ጊዜው እንዳለ ይቀመጣል።

ችግር 7፦ «ጆንሰን ሃዝ ሳይንድ ዘ ሎው ኢን 1965»

ዜና ስንሰማ «ፈርመዋል» ነው የሚባለው፤ በአማርኛ «በ1965 ፈርመዋል» ማለት ምንም ችግር የለውም። እንግሊዝኛ ግን «ሃዝ» እና ያለፈ ዓመት አብረው እንዲቀመጡ አይፈቅድም። ዓመት ከተጻፈ «ሃዝ»ን ሰርዙ፦ «ጆንሰን ሳይንድ ዘ ሎው ኢን 1965።»

በዚያ ዓመት ጆንሰን የፈረሙት የምርጫ መብት ሕጉን ብቻ አይደለም። ኦክቶበር 3 ቀን 1965 የፈረሙት የኢሚግሬሽን ሕግ በትውልድ አገር ኮታ የሚሰጠውን ፈቃድ አስቀርቷል፤ የ1924ቱ ሕግ ለኢትዮጵያ የመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር። አሜሪካ ያላችሁ ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደላችሁምና ዓረፍተ ነገሩን ስትሠሩ ይህንንም ጨምሩበት።

ለዜግነት ፈተና የምትዘጋጁ ደግሞ ስለ ማርቲን ሉተር ኪንግ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ከተፈቀዱት መልሶች አንዱ የሚጀምረው በኢሬጉላሩ «ፎት» ነው፣ ሌላው በ«ወርክት»። ሁለተኛውን ያዙ፦ «ሂ ወርክት ፎር ኢኳሊቲ ፎር ኦል አሜሪካንስ።» «መልእክት» ብላችሁ መጨረሻውን ያዙና «ወርክት» በሉ፤ «ወርክ-ኢድ» አይደለም፣ «ዋዝ ወርክት»ም አይደለም።