ዘና የሚያደርጉ የምርመራ ድራማዎችን ከየአገሩ መርጦ እንዴት ማጣጣም ይቻላል

ደም የማያበዙ፣ ሰው ቢገደል እንኳ ተመልካቹን ፈገግ የሚያሰኙ ተከታታይ የምርመራ ድራማዎች በብዙ አገሮች ይሠራሉ። እኔ አጥብቄ የምወዳቸው በወንጀሉ ምክንያት አይደለም። ወንጀሉ ሰበብ ነው፤ የሚጣፍጠው የመርማሪው ጠባይና የሚኖርበት ስፍራ ነው። አመራረጣቸውም ከዚህ ይነሳል።

በመጀመሪያ የትኛው ዓይነት እንቆቅልሽ እንደሚስብዎት ይለዩ። አንዱ «ገዳዩ ማን ነው?» እያሰኘ እስከ መጨረሻ ያቆያል። ሌላው ገዳዩን ገና ከመነሻው አሳይቶ «እንዴት ይያዝ ይሆን?» ያሰኛል። የዚህኛው ዋና ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1971 በተከታታይነት መታየት የጀመረው የአሜሪካው «ኮሎምቦ» ነው። ፒተር ፎክ የተጫወተው ይህ መርማሪ የተጨማደደ ካፖርት ለብሶ፣ ፈጽሞ ስለማናያት ሚስቱ እያወራ ገዳዩን ያዘናጋዋል። ሊወጣ በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ አንዲት የቀረች ጥያቄ ያነሳል፤ የምታስጨንቀውም ያቺ ናት። በ1994 የጀመረው የጃፓኑ «ፉሩሃታ ኒንዛቡሮ» በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ምስጢሩን ከመግለጹ በፊት ግን ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ ያናግረዋል። እዚያ ላይ ያቁሙትና መልስዎን ጮክ ብለው ይናገሩ።

የመጀመሪያውን ዓይነት ከመረጡ «ዴዝ ኢን ፓራዳይዝ» ጥሩ መነሻ ነው። ታሪኩ ሴንት ማሪ በተባለች ምናባዊ የካሪቢያን ደሴት ላይ ይፈጸማል፤ የተቀረጸው ጓዴሎፕ ነው። ተጠርጣሪዎቹ በአንድነት ሲሰበሰቡ ስም ብቻ ሳይሆን ምክንያትም ይገምቱ። ማስረጃ የሌለው ግምት ቢሳካም አይቆጠርም።

ቀጥሎ አብረውት ቢቀመጡ የማይሰለችዎትን መርማሪ ይፈልጉ። ጣሊያን ብቻዋን ፍጹም የተለያዩ ሁለት ሰዎች አሏት። በ2000 የጀመረው «ዶን ማቴዎ» ዋና ባለታሪኩ ካህን ነው፤ በብስክሌት ይዞራል፣ ከፖሊሱ ከቼኪኒ ጋር ቼዝ እየተጫወተ ስለ ጉዳዩ ያወራል፣ ጥፋተኛው ከመታሰሩ ይልቅ መጸጸቱ ያሳስበዋል። የሲሲሊው ኮሚሳር ሞንታልባኖ ደግሞ ቁጡ ነው፤ ባሕር ላይ ይዋኛል፣ ምግብ ሲቀርብለት ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም። የኒው ዚላንዱ «ብሮከንዉድ» መርማሪ ማይክ ሼፐርድ በአሮጌ መኪናው የካንትሪ ሙዚቃ እየሰማ ይመጣና ከሬሳው ጋር ያወራል። ሲነገር እንግዳ ይመስላል፤ ሲያዩት ግን ለሟቹ ያለው አክብሮት ነው ጎልቶ የሚወጣው። ሁለት ክፍል አይተው ሰውየው ካልሳበዎት ይተዉት፤ ሌላ ሞልቷል።

ድራማውን በራሱ ቋንቋ፣ ትርጉሙን ከስር እያነበቡ ይዩት። በሞንታልባኖ ጣቢያ ስልክ የሚያነሳው ካታሬላ የሰው ስም ሁሉ ያጣምማል፤ በሩንም በከፈተ ቁጥር ከግድግዳው ጋር ያላትመዋል። የሲሲሊ አነጋገሩ በሌላ ድምፅ ሲተካ ግማሹ ሳቅ ይጠፋል።

እንደ «ኮሎምቦ» ያሉት እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ ስለሆነ ከየትም ይጀምሩ። የመርማሪው የግል ሕይወት የሚዘልቅባቸውን ግን በቅደም ተከተል ይዩ። በአንድ ቀን ብዙ ክፍል መደራረብ አልመክርም፤ አካሄዳቸው ስለሚመሳሰል ፍንጮቹ ይደባለቃሉ።

ትንሽ ከለመዱ በኋላ አንዱን ታሪክ በሁለት አገር አሠራር ያወዳድሩ። በ2021 የጀመረው የፈረንሳዩ «አሽ ፔ ኢ» ሊል ከተማ ፖሊስ ጣቢያ የምታጸዳ፣ አእምሮዋ ግን ከመርማሪዎቹ የሚፈጥን እናት ታሪክ ነው። አሜሪካውያን በ2024 «ሃይ ፖቴንሻል» ብለው ወደ ሎስ አንጀለስ ወሰዱት። የሁለቱንም የመጀመሪያ ክፍል በተከታታይ ምሽቶች ይዩና የትኛው ቀልድ እንደቀረ፣ የትኛው እንደተጨመረ ያስተውሉ።

ግድያው ራሱ ከከበደዎት፣ በቦትስዋና የተቀረጸውን «የቁጥር 1 የሴቶች መርማሪ ድርጅት» ይፈልጉ። ጂል ስኮት የምትጫወታት ማ ራሞትስዌ ከምትይዛቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ እንደ ጠፋ ባል ያሉ የሰፈር ጉዳዮች ናቸው። በድምሩ 7 ክፍሎች ብቻ አሉት፤ የመጀመሪያው እንደ ሙሉ ፊልም ረጅም ስለሆነ አንድ ምሽት ለብቻው ይስጡት።