ማኅበራችሁ አፕ ከማሠራቱ በፊት

አንድ ማኅበር «አፕ ልናሠራ ነው፣ እስቲ ምከሪን» ብሎ ሲጠራኝ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሁሌም አንድ ነው፦ አባላታችሁ ስንት ናቸው? ሰብሳቢው «ወደ ሁለት መቶ ገደማ» ይላል። ገንዘብ ያዥዋ መዋጮ የሚከፍሉትን ብቻ ስለምትቆጥር ቁጥሩን ታወርደዋለች። ጸሐፊው ስልኩን አውጥቶ የቴሌግራም ግሩፑን ያያል። እዚያ ያለው ከሁለቱም ይበልጣል። ከማኅበሩ ከወጡ የቆዩ ሰዎች አሉበት። ማን እንዳስገባው የማይታወቅ ሰውም አይጠፋም።

ሦስቱም አልዋሹም። ሦስት የተለያየ መዝገብ ይዘው ነው። በዚህ ላይ አፕ ቢጨመር አራተኛ ቁጥር ይመጣል እንጂ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም።

ሙያዬ ሂሳብ ነው። የትንንሽ ማኅበራትን መዝገብ እመረምራለሁ። ተቀጣሪ የላቸውም፤ ሥራው ሁሉ ማታ ማታ በሁለት ሦስት ሰው ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው። የምጽፈውም ለእነዚያ ሁለት ሦስት ሰዎች ነው።

መጀመሪያ መዝገቡ

አንድ የኤክሰል ወይም የጉግል ሺትስ ፋይል ክፈቱ። ለአንድ አባል አንድ መስመር። ዓምዶቹ ብዙ አይሁኑ፤ የአባልነት ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ የገባበት ቀን፣ ያለበት ሁኔታ፣ መልእክት በምን እንደሚደርሰው። በቃ። የደም ዓይነት የሚጠይቅ የአባልነት ቅጽ አይቻለሁ። ለምን እንደሚጠቅም የነገረኝ ግን የለም። የማትጠቀሙበትን መረጃ ብትሰበስቡ የሚተርፋችሁ የመጠበቅ ዕዳ ብቻ ነው።

ከሁሉም ወሳኙ የአባልነት ቁጥሩ ነው። ስም ይመሳሰላል። በዚያ ላይ በፊደላችን አንዱን ስም በብዙ መንገድ መጻፍ ይቻላል። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበውን ሰው «ሀይሉ» ብላችሁ ብትፈልጉት ኤክሰል የለም ይላችኋል። ለእኛ ጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን «ኃ» እና «ሀ» የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ፀ» እና «ጸ»፣ «ዐ» እና «አ»ም እንደዚያው። አንድ አባል ሁለት ቦታ ተመዝግቦ፣ በአንዱ ስሙ ከፍሎ በሌላው ባለዕዳ ሆኖ ያገኘሁት በዚህ ምክንያት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ስጡ። የወጣ አባል ቁጥርን ደግሞ ለአዲስ ገቢ አትስጡ።

የስልክ ዓምዱን ምንም ሳትጽፉበት በፊት ዓይነቱን ወደ «ጽሑፍ» ቀይሩት። አለበለዚያ ኤክሰል እንደ ተራ ቁጥር ያየውና ከፊት ያለውን ዜሮ ዋጥ ያደርገዋል። ቀንም ያስቸግራል። 03/04/2025 ለአንዱ ኮምፒውተር ማርች 4 ነው፣ ለሌላው ኤፕሪል 3። ዓመቱን አስቀድማችሁ 2025-04-03 ብላችሁ ጻፉ፤ አይኤስኦ 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ የቀን አጻጻፍ ደረጃም የሚለው ይህንኑ ነው። ቀለምን መረጃ አታድርጉት። «ቀይ የተቀባው ያልከፈለ ነው» የሚለውን የሚያውቀው የቀባው ሰው ብቻ ነው። እሱ ከኮሚቴ በወረደ ማግስት የቀዩን ነገር የሚያስረዳ አይገኝም። «አልከፈለም» ብላችሁ በቃል ጻፉት።

ሥራው አሰልቺ ነው፣ አላሞኛችሁም። ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ አንዱ ከወረቀቱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ ብትሠሩት ግን ቶሎ ያልቃል፤ ስህተቱም ይቀንሳል።

አንድ ሥራ ብቻ ምረጡ

ቀጥሎ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዥዋን ለየብቻ ጠይቋቸው፦ ማታችሁን የሚበላው የትኛው ሥራ ነው? ሰብሳቢውን አትጠይቁ። ሰብሳቢዎች ሲጠየቁ ድረ ገጽና አርማ ያምራቸዋል።

ከገንዘብ ያዦች በብዛት የምሰማው የክፍያ ስክሪንሾትን ነገር ነው። አባሉ መዋጮውን በባንክ ያስገባል፣ ስክሪንሾቱን ግሩፑ ላይ ይለጥፋል፣ ከዚያ ስክሪንሾቱ በልደት መልካም ምኞትና በቀልድ መሃል ይሰምጣል። ገንዘብ ያዥዋ በወሩ መጨረሻ ጣቷ እስኪደነዝዝ ወደ ላይ ትጎትታለች። አንዳንዱ ስም አልጻፈም። አንዳንዱ በሚስቱ አካውንት ነው የላከው።

ለዚህ አፕ አያስፈልግም። በጉግል ፎርምስ አጭር ቅጽ አዘጋጁ፤ የአባልነት ቁጥር፣ የገንዘቡ መጠን፣ የባንኩ የግብይት ቁጥር። ሦስት ጥያቄ ብቻ። የሞላው ሁሉ በራሱ ሺት ላይ ይሰለፋል። ገንዘብ ያዥዋ የግብይት ቁጥሩን ከባንክ መግለጫው ጋር ታመሳክራለች፣ ከተገኘ ደረሰኝ ትቆርጣለች። ስክሪንሾትን እንደ ማስረጃ መቁጠር ይቅርባችሁ። ስልክ ላይ ባለ ፎቶ ማስተካከያ አንድ ዜሮ መጨመር ማንንም አያቅተውም። ማስረጃው የባንኩ መግለጫ ነው።

አዲሱን መንገድ ከወረቀቱ ጎን ለጎን አስኪዱት፤ ሁለት ወይም ሦስት የመዋጮ ዙር ይበቃል። ድምሩ ከገጠመ ወረቀቱን አቁሙ። የሚቆምበትን ቀን አስቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ ያዙት። ብዙ ማኅበር የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው፤ «ለጥንቃቄ» እያለ ሁለቱንም ለዓመታት ይይዛል፣ ሥራው እጥፍ ይሆናል፣ ገንዘብ ያዥዋ ትሰለቻለች፣ ከዚያ «ቴክኖሎጂው አልሠራም» ይባላል።

ቁልፉ በማን እጅ ነው?

መዝገብ ስመረምር ከገንዘቡ ቀድሜ የማየው ይህን ነው። የፌስቡክ ገጹ በቀድሞው ሰብሳቢ እጅ ነው። ፋይሉ በጸሐፊው የግል ኢሜይል ላይ ነው። ግሩፑን የከፈተው ልጅ ስልኩን ቀይሯል፣ አይገኝም። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ሁሉም በጊዜው ሲረዳ ነበር። ማኅበሩ ግን የራሱ የሆነ ነገር የለውም።

መፍትሔው በማኅበሩ ስም ኢሜይል መክፈት ነው። የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበት ስልክም የማኅበሩ ሲም ይሁን። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ተጨማሪ ማረጋገጫ የሚጠይቀውን) አብሩት። ጉግል ያን ጊዜ ሲም ቢጠፋ የሚያገለግሉ የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣችኋል። አትሟቸው፣ በፖስታ አሽጓቸው፣ ማኅተሙ በሚቀመጥበት ካዝና ውስጥ አብረው ይቀመጡ። የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰዎች ይወቁት። ሦስት አይሁኑ፣ አንድም አይሁን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የማኅበሩ ኢሜይል የፋይሉ ባለቤት ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው በዚያው ኢሜይል እየገባ አይጻፍ። ለገንዘብ ያዥዋም ለጸሐፊውም በየራሳቸው ኢሜይል ፋይሉን አጋሩላቸው። ጉግል ሺትስ ማን መቼ ምን እንደቀየረ የሚያሳይ የለውጥ ታሪክ ይይዛል። ሁሉም በአንድ ስም ከገባ ግን ታሪኩ ያ አንድ ስም ብቻ ይሆናል። ለእኔ ዓይነቱ መርማሪ በየሰዉ ስም ከተያዘ የለውጥ ታሪክ የበለጠ ስጦታ የለም፤ ለገንዘብ ያዥዋም ቢሆን ሐሜት ሲነሳ ጋሻ ነው።

አካውንቱን ከፍታችሁ አትርሱት። ጉግል ለ2 ዓመት ማንም ያልገባበትን የግል አካውንት ከነፋይሉ ሊሰርዝ ይችላል። ቴሌግራምም ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንትን በራሱ ያጠፋል፤ የጊዜውን ርዝመት ከቅንብሩ ታገኙታላችሁ።

የቴሌግራም ግሩፕን ባለቤትነት ማስተላለፍ የሚችለው ባለቤቱ ራሱ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ አድሚኖች አይችሉም። ባለቤቱም የቴሌግራሙን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከ7 ቀን በላይ ቀደም ብሎ ያበራ መሆን አለበት። ስለዚህ የምርጫው ዕለት፣ አዲሱና አሮጌው ኮሚቴ ተቃቅፎ ፎቶ ሲነሳ፣ «በል አሁን አስረክብ» ብትሉት ላይሆንለት ይችላል። ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ።

በየሦስት ወሩ ደግሞ ሁሉንም አውርዳችሁ በፍላሽ አስቀምጡ። በትልቅ ኩባንያ ስም አትዘናጉ። ያሁ ግሩፕስ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ክበባትና ማኅበራት ደብዳቤያቸውንና ፋይላቸውን ያከማቹበት ቤት ነበር። በ2019 መጨረሻ አዲስ ነገር መጫን ተከለከለ፣ የቆየውም ሊሰረዝ መሆኑ ተነገረ፣ በዲሴምበር 2020 ጨርሶ ተዘጋ። በጊዜው ያላወረደ ማኅበር የዓመታት ታሪኩ አብሮ ቀረ። ከኤክሰል በሲኤስቪ (ሰንጠረዡን እንደ ተራ ጽሑፍ በሚይዘው የፋይል ዓይነት) ካስቀመጣችሁ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። ተራውን ሲኤስቪ ከመረጣችሁ የአማርኛው ስም ሁሉ የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

አባላቱ ጋ ሲደርስ

ማስታወቂያና ጨዋታን ለዩ። ለማስታወቂያ ኮሚቴው ብቻ የሚጽፍበት ቻናል ይኑር፤ ግሩፑ የመጨዋወቻ ይሁን። የስብሰባ ጥሪ ግሩፕ ላይ ብቻ ተለጥፎ «አላየሁትም» የሚል አባል ቢመጣ እውነቱን ነው። ዋትሳፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ተራ ግሩፕ ውስጥ የገባ ሰው ስልክ ቁጥሩ ለሁሉም እንደሚታይ አስቀድማችሁ ንገሩት። ይህን የማይፈልግ አባል፣ በተለይ ሴት፣ ብዙ አለ። ቴሌግራም ላይ ቁጥርን መደበቅ ይቻላል።

ስማርት ስልክ የሌለው አባል በየማኅበሩ አለ። ብዙ ጊዜ መሥራቾቹ ናቸው። መዝገቡ ላይ «መልእክት በምን እንደሚደርሰው» የሚለውን ዓምድ ያስገባሁት ለእነሱ ነው። «ይደወልለት» የሚል የተጻፈባቸውን አጣርታችሁ ለኮሚቴው አባላት ተከፋፈሏቸው። ለአንድ ሰው አራት አምስት ቢደርሰው አይከብድም። መተዳደሪያ ደንባችሁ ጥሪ በጽሑፍ ይደረግ የሚል ከሆነ ግን የቴሌግራም መልእክት ይበቃል አይበቃም የሚለውን ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን፤ በግምት አትለፉት።

መማር የሚፈልግ ትልቅ ሰው ሲገኝ ስልኩን ከእጁ አትንጠቁ። «ስጠኝ ላሳይህ» ብሎ ተቀብሎ ቸክ ቸክ አድርጎ የሚመልስ ወጣት ምንም አላስተማረም። ስልኩ በእሳቸው እጅ ሆኖ፣ በራሳቸው ጣት፣ የራሳቸውን መዋጮ ይመዝግቡ። ሲሳሳቱ ዝም በሉ፤ ራሳቸው ይመልሱት።

ስለ ድምፅ አሰጣጥ አጭር ነገር ልበል። የቴሌግራም መጠይቅ የስብሰባ ቀን ለመምረጥ ግሩም ነው። ለኮሚቴ ምርጫና ለገንዘብ ውሳኔ ግን አትጠቀሙበት። ግሩፑ ውስጥ ያለ ሁሉ ድምፅ ይሰጣል፤ የወጣውም፣ ያ ማን እንዳስገባው የማይታወቀውም።

አሁን ወደ አፑ

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ጠቦ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ የሚገዛ ነገር ፈልጉ። ብዙ ማኅበር እዚህ አይደርስም፤ መድረስም የለበትም። ሲቪሲአርኤም የሚባል ከ2005 ጀምሮ ያለ፣ ለአባላት ማኅበራትና ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሠራ ነፃ ሶፍትዌር አለ። ሶፍትዌሩ ነፃ ይሁን እንጂ ሰርቨር ይፈልጋል፣ የሚያድሰውና የሚጠግነው ሰውም ይፈልጋል። ያ ሰው ከሌላችሁ አትንኩት።

የሰብሳቢው የእህት ልጅ «በነፃ ልሥራላችሁ» ሲል ደግሞ አመስግኑና ሁለት ነገር ጠይቁት። ሥራ ሲያገኝ ማን ይረከበዋል? ኮዱስ የት ይቀመጣል? ጎበዝ ልጅ መሆኑን አልጠራጠርም። ጎበዝ ስለሆነ ነው ሥራ የሚያገኘው።

ሻጭ ሲመጣ ክፍያው በአባል ቁጥር ይሁን በዓመት፣ ስትለያዩ መረጃችሁን በኤክሰል ይዛችሁ መውጣት ትችሉ እንደሆነ በጽሑፍ ያስቀምጥላችሁ። ከዚያ ማሳያውን እሱ አያሳያችሁ። ወንበሩን ለገንዘብ ያዥዋ ይልቀቅ። አንድ አዲስ አባል ትመዝግብ፣ መዋጮ ትቀበል፣ ደረሰኝ ታትም፣ «ኃይሉ» ብላ የመዘገበችውን «ሀይሉ» ብላ ትፈልግ፣ በመጨረሻም ሙሉ ዝርዝሩን ታውርድ። ሻጩ በመሃል ተነስቶ ማውሱን ከያዘ ውሉን ለጊዜው አትፈርሙ።