ሞቀ ብላችሁ ፖሜራኒያን አታስላጩ

አዳማ ላይ ፖሜራኒያን የሚባለውን ትንሽ ጸጉራም ውሻ የምታሳድጉ፣ በተለይ ለማራባት ወይም ለውድድር ያሰባችሁ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሙቀቱ ሲበረታ «ያሳዝናል፣ ቀለል ይበለው» ብላችሁ በማሽን አታስላጩት። ጸጉሩ ድርብ ነው፤ ከላይ ረጅምና ጠንከር ያለ፣ ከስር ጥጥ የመሰለ። አንዴ ከስሩ ከተላጨ እንደ ድሮው ላይበቅል ይችላል። ቆዳውም ለፀሐይ ይጋለጣል።

የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የአሜሪካ ኬኔል ክለብ መስፈርት እግሩን፣ የጆሮውን ጠርዝና ፊንጢጣው አካባቢ በመቀስ ማስተካከል ይፈቅዳል። ከልክ ያለፈ ቆረጣ ግን ውድድር ላይ ክፉኛ ያስቀጣል።

ይልቅ አበጥሩት። ደረቅ ጸጉር ስለሚሰበር መጀመሪያ ውሃ ርጩበት። ከዚያ በእጃችሁ ከፈል እያደረጋችሁ፣ ቆዳው እስኪታይ፣ ከስር ጀምራችሁ ወደ ውጭ በብሩሽ ሳቡት። ከጆሮው ጀርባና ብብቱ ስር ቶሎ ይቋጠራል፤ እዚያ ጋ አትቸኩሉ። ሽርሽሩ ማለዳ ወይ አመሻሽ ይሁን። የቀትር አስፋልት መዳፉን ያቃጥለዋል።

ደግሞ ቡችላው በ5 እና በ6 ወሩ ገደማ ጸጉሩ ረግፎ መልኩ ቢጠፋባችሁ አትደንግጡ፤ የቡችላ ጸጉሩን እየቀየረ ነው። «ይሄስ ለውድድር አይሆንም» ብላችሁ ያኔ እንዳትሸጡት።